የእናት ሣጥን ነጠላና የፋብሪካ ድር

በድሬዳዋ ከተማ ሠርግ ወይም ኒካ፣ ክርስትና ወይም ሐዘን ሲመጣ የእናት ሣጥን ይከፈታል። ከሣጥኑም ውስጥ በአሮጌ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነጠላ፣ ጥለቱ የደበዘዘ ኩታ፣ አንዳንዴም ከሴት አያት የተወረሰ ሙሉ ቀሚስ ይወጣል። ልብሱን ያየ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ?» መልሱ «የፋብሪካ ድር አለበት» የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የልብሱ ክብር እዚያው ዝቅ ይላል። አሮጌ ልብስ እየዞረ የሚገዛ ነጋዴ ይህችኑ ቃል ይዞ ዋጋ ይሰብራል። ከቤቱ ልጆች አንዷ ደግሞ «ፋብሪካ ከሆነማ ምን ይሠራል?» ብላ ለትራስ ልብስ ትቆርጠዋለች።

ይህ አስተያየት ትክክል ነው ወይ? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንን ነው። ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል ከቤት ሊወጣ የማይገባው ቅርስ በርካሽ እየወጣ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በገበያ ላይ «የእጅ ፈትል» እየተባለ፣ ያልሆነው እንደሆነ ተደርጎ በውድ የሚሸጥ ልብስ አለ። በሁለቱም ወገን ከቦርሳዋ የሚወጣባት እናት ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።)

በመጀመሪያ ስለ ክሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በከተማ ተወልደው ያደጉ ብዙ ወጣት እናቶች ጥጥ ነጠላ እስኪሆን ድረስ ያለውን ልፋት ከቅርብ ሆነው አላዩትም። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይወጣዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ በአገራችን በአብዛኛው ደጋማ ክፍል የሴት ሆኖ የኖረ ነው። ባለርስቷም ጭሰኛዋም እኩል የሚያውቁት ሙያ ቢኖር ፈትል ነበር። ከልቃቂቱ ወዲያ ያለውን ሥራ ሸማኔው ይረከባል፣ እርሱም በልማድ ወንድ ነው። ሸማኔው በቀናት ውስጥ ጨርሶ የሚያወርደው ልብስ ግን ለፈታዩዋ የሳምንታት ሥራ ነው። አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል የብዙ ሴቶች እጅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ልብሱ በሸማኔው ስም መጠራቱ የፈታዮቹን ድካም ሸፍኖት ኖሯል።

አሁን ወደ ድርና ማግ እንመለስ። ድር የሚባለው በልብሱ ቁመት ተወጥሮ የሚቆየው ክር ነው። ማግ የሚባለው ደግሞ በመወርወሪያ ተሸክሞ በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ነው። ድር ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ይጎተታል፣ ይታሻል፣ ይመታል። በመሆኑም እኩል ያልከረረ ክር ከሆነ አሥር ጊዜ ይበጠስና ሸማኔውን ሲያስቀጥል ያውለዋል። በፋብሪካ የተፈተለ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱም ክረቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህን ጉተታ ይችላል። ማግ ግን አይወጠርም። በእጅ ተፈትሎ ትንሽ ላላ ማለቱ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ አየር ይይዛል፣ ገላ ላይ ይለሰልሳል፣ ጋቢ ሲሆን ይሞቃል። ስለዚህ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእናቶች እጅ ማድረጉ ማጭበርበር አልነበረም። የሁለቱን ክር ጠባይ አውቆ ያገናኘ የሙያ ሰው ብልሃት ነው። ዛሬ «ንጹሕ የአገር ልብስ» ብለን ከምንደርበው ነጠላና ጋቢ እጅግ የሚበዛው በዚሁ መንገድ የተሠራ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የባሕር ማዶ ክር ወደ ልብሳችን የገባውም ከፋብሪካ ዘመን በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ስለ አድዋ የሽመና ሥራ ሲጽፍ፣ ቢጫውን ቀለም ከሱፍ እንደሚያወጡት ይገልጻል። ሰማያዊ ቀለም ማውጣት ስላልተለመደ ግን፣ ከሕንድ አገር ከሱራት ከተማ የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ክር በክር ይተረትሩትና በጥለቱ ውስጥ መልሰው ይሸምኑት እንደነበር ያትታል። እንግዲህ የተሸመነ ጨርቅ ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና መሸመን ማለት ነው! ለአንዲት ጣት ለማትሞላ ሰማያዊ ጥለት ይህን ያህል መድከም የቀለምን ዋጋ ያስረዳል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረችው እመቤት «የራሴ የአገር ልብስ» ብላ የለበሰችው ኩታ ጥለቱ የሱራት ክር ሊሆን ይችል ነበር።

ወደ አካባቢያችንም እንምጣ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ጥር ወር ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ነበር። በመጽሐፉም የሐረር የእጅ ሽመና በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ጨርቅ እጅግ እንደሚበልጥ መስክሯል። በርተን ሐረርን በብዙ ነገር የነቀፈ ሰው ነው፤ ስለዚህም ምስጋናው ይታመናል።

ያ ሁኔታ የተለወጠው ባቡር ሲመጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆና ተወለደች። ቀድሞ በግመል ጀርባ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጭነት በፉርጎ መምጣት ጀመረ፣ አቡጀዲውም፣ የፋብሪካ ክሩም፣ የተቀለመ ክሩም አብሮ ገባ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። ከዚያም በጣልያን ወረራ ዘመን በ1939 የጥጥ ፋብሪካ እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ተተከለ። ይህም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የባሕር ዳሩ የመጣው ከእርሱ በኋላ በ1961 ነው። የድሬዳዋው ፋብሪካ በ1975 ከሌሎች ጋር በመንግሥት ተወረሰ። ስሙ በእግር ኳስም ቢሆን የታወቀ ነበር፤ ቡድኑ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖ የዋንጫ ባለቤት እንደነበረ የከተማው ሽማግሌዎች ዛሬም በኩራት ያነሡታል። ፋብሪካው ጥጥ ተቀብሎ ክር እየፈተለና ጨርቅ እየሸመነ የብዙ ቤተ ሰብ መሶብ የሞላበት ያ ዘመን ዛሬ አልፏል። በየሣጥኑ ያለው ክር ግን አላለፈም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ነገር አለ። «የፋብሪካ ክር» ስንል ሰው ያልነካው፣ ከብረት ብቻ የተወለደ ነገር አድርገን እንናገራለን። በክር ፋብሪካ ውስጥ ሥራው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። መፍተያው መኪና ሲዞር ክሩ ይበጠሳል። በረድፎቹ መካከል እየተመላለሰች፣ የጥጥ ብናኝ እየሳበች፣ በጫጫታው ውስጥ የተበጠሰውን በጣቷ የምትቀጥል ሠራተኛ ከሌለች ክር አይወጣም። ሌሊት ፈረቃ ውላ፣ ጠዋት ልጅ ለትምህርት ቤት የምታዘጋጅ እናትም ከእነርሱ መካከል ናት። እንግዲህ ፈትሉ ከእንዝርት ወደ መኪና ተዛወረ እንጂ ከሴት እጅ ጨርሶ አልወጣም። በአያት ነጠላ ውስጥ ማጉ የአያት፣ ድሩ የአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። አንደኛዋን አክብረን ሁለተኛዋን የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ግን የደረሰውን ጉዳት ለመሸሸግ አይደለም። የፋብሪካ ድር በገባበት ቦታ ሁሉ፣ ለድር የሚሆን ቀጭን ፈትል ፈትለው ልቃቂት በገበያ እየሸጡ ጨው፣ ቡናና የልጅ ልብስ የሚገዙ ሴቶች ገቢያቸው ቀንሷል። ለሸማኔው ጊዜ ቆጠበለት፣ ለለባሹ ዋጋ ቀነሰለት። ለፈታዩዋ ግን ካሣ የከፈላት የለም። ዛሬ የእጅ ፈትል ብርቅ ሆኖ ዋጋው ሲወደድም፣ ከጭማሪው ስንቱ ወደ ፈታዩዋ እጅ እንደሚደርስ መጠየቅ ይገባል።

የኛ ታሪክ በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ ናቫሆ የተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አሉ። በእነርሱ ዘንድ ሸማኔዋ ሴት ናት። ከበግ ፀጉር የሚሠሩት፣ እንደኛው ቡልኮ በትከሻ ላይ የሚደረብ ብርድ ልብስ በጥራቱ የታወቀ ነበር። ቀይ ቀለም ሲፈልጉ እነርሱም እንደ አድዋዎቹ ከአውሮፓ የመጣ ቀይ የሱፍ ጨርቅ ይተረትሩ ነበር። እርስ በርሳቸው ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች አንድ ዘዴ ማግኘታቸው ያስደንቃል። በ1863 እና በ1864 የአሜሪካ ጦር እህላቸውን አቃጥሎ፣ በጎቻቸውን ፈጅቶ፣ ከ8,000 የሚበልጡትን ሰዎች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ነድቶ ቦስኬ ሬዶንዶ በተባለ ቦታ አጎራቸው፣ ብዙዎችም አለቁ። የተረፉት በ1868 በተፈረመ ውል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በግ ያለቀባት ሸማኔ በምን ትሸምን? በዚያ ወቅት ከመንግሥት በሚታደለው ዕቃ ውስጥ የፋብሪካ ክር ነበረበት። ከፊላደልፊያ፣ ጀርመንታውን ከተባለው ሰፈር የሚመጣ፣ በኬሚካል የተቀለመ የሱፍ ክር ነው። በ1880ዎቹ ባቡር ወደ አካባቢው ሲደርስ ክሩ በብዛት ገባ። እዚህ ላይ ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልጨምር። ከኬሚካል የሚሠራውን የመጀመሪያ የጨርቅ ቀለም ያገኘው ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት የለንደን ተማሪ ነው። ጊዜው 1856 ሲሆን፣ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር በድንገት ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። መድኃኒቱ አልተገኘም። የዓለም ጥለት ግን ከዚያ ወዲህ መልኩ ተለወጠ፣ የኛም ጭምር።

የናቫሆ ሴቶች ያንን ክር ይዘው የሠሩት ሥራ ደግሞ የሚደነቅ ነው። ራሳቸው ሊያቀልሙት በማይችሉት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ብርቱካን ቀለም፣ ዓይን የሚያጥበረብር ጥርስ ጥርስ ያለው ሥዕል አወጡ። ከጊዜው ነጋዴዎች አንዳንዶቹ «ይህ የናቫሆ አይደለም፣ የፋብሪካ ነው» ብለው አጣጥለውት ነበር። ዛሬ እነዚያው ብርድ ልብሶች በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል፣ በጨረታም በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ። የፋብሪካ ክሩ ዋጋቸውን አልቀነሰም። እንዲያውም ዕድሜያቸውን ለማወቅ ረድቷል። ጀርመንታውን ክር እስከ 1875 ገደማ በሦስት፣ ከዚያ በኋላ በአራት ተገምዶ ይመጣ ስለነበር አዋቂዎች ግምዱን ቆጥረው ዘመኑን ይናገራሉ። በርካሽ የሸጡት የሸማኔዎቹ ልጆች ግን ያገኙት የለም።

በነገራችን ላይ፣ ናቫሆዎች ውል በፈረሙበት በዚያው በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ ቅርስ ጭኖ ሄዷል። ከተወሰደው ውስጥ በጎንደር ዘመን የተሸመነ ረጅም የሐር መጋረጃ ይገኝበታል፣ ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ሐሩ ከውጭ አገር የመጣ ነው። «ሐሩ የኛ ስላልሆነ መጋረጃው የኛ አይደለም» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም። ታዲያ የፋብሪካ ድር ያለበትን የእናታችንን ነጠላ ለምን በዚህ ሚዛን አንመዝነውም?

አሁን ወደ ሣጥናችን እንሂድ። በእጃችሁ ያለው ልብስ ምን ዓይነት ክር እንዳለበት ለማወቅ አዋቂ መጥራት አያስፈልግም። ልብሱን ወደ ብርሃን አንሡና አግድሙን ክር ተመልከቱ። አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን የሚል ከሆነ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ከተቋጨው ክር አንዱን በቀስታ ፍቱት፤ የሚቋጨው ድሩ ነውና። ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነ የፋብሪካ ነው። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ልብሱ በሙሉ በፋብሪካ ክር፣ ነገር ግን በእጅ የተሸመነ ሊሆን ይችላል። የእጅ ሽመና መሆኑን ደግሞ ጥበቡን ገልብጣችሁ በማየት ታውቃላችሁ። በሸማኔ እጅ የገባ ጥበብ በስተጀርባው የክሩ መመላለስ ይታያል፤ በጨርቅ ላይ የታተመ ሥዕል ግን ጀርባው ደብዛዛ ነው ወይም ባዶ ነው። ጥበብ መሳይ ሥዕል ታትሞበት ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ በበዛበት በአሁኑ ጊዜ ይህችን ምርመራ ሳያደርጉ ገንዘብ መክፈል አይገባም። የሸማኔውን እንጀራ የሚዘጋው የፋብሪካ ድር ሳይሆን ይህ የታተመ ጨርቅ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መኰነን ተገቢ አይደለም።

የክሩን ዓይነት ለማወቅ በእሳት መፈተንም ይቻላል። ከቋጨው አንዲት ክር ቆርጣችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል። ሐር ወይም ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ በቅርብ ዓመታት ጥለት ላይ የሚገኘው ነው።

ለአሮጌ ልብስ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው፤ በተለይ ጥለቱ። የቆዩ የኬሚካል ቀለሞች ብዙዎቹ ውኃ ሲነካቸው ይለቃሉ፣ ቀዩም ወደ ነጩ ይሄዳል፣ ከዚያም የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ከማጠብ በፊት ነጭ ጥጥ በውኃ አርጥባችሁ በጥለቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ልብሱን አትንከሩት፣ አናፍሱት እንጂ። ካልያዘ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳታሹ እጠቡና በጥላ አስጡ። በረኪና ጨርሶ አይነካው፤ ነጩን ያነጣና ክሩን ይበላዋል። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ለበርበሬ ማድረቂያ ጥሩ ናት፣ ለጥለት ግን አትሆንም። አንድ ቀን ሙሉ የተሰጣ ልብስ ቀለሙን ጥሎ ይገባል።

ሣጥኑ ውስጥም በፌስታል አታስቀምጡት፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። የድሮ እናቶች እንደሚያደርጉት በታጠበ ነጭ አቡጀዲ መጠቅለል ከሁሉ ይሻላል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታችሁ እጥፋቱን ለውጡ፣ በአንድ መስመር ለዓመታት የታጠፈ ልብስ በዚያው ይበጠሳልና። ሣጥኑን ከወለል ከፍ አድርጉ። በ2006 በነሐሴ ወር የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የብዙ ወገኖቻችንን ሕይወት በቀጠፈበት ሌሊት፣ ከሰው ሕይወት ጋር ባይወዳደርም፣ የብዙ ቤተ ሰብ ሣጥንም አብሮ ሄዷል።

ለመሸጥ የተቸገረች እናት ብትኖር፣ በር ላይ ለመጣው የመጀመሪያ ገዢ ከመስጠት በፊት ለሁለትና ለሦስት ሰው ታሳይ፤ «ፋብሪካ ነው» የሚለውንም ቃል ለዋጋ መስበሪያ አትቀበል። አዲስ የምትገዛም እናት «የእጅ ፈትል ነው» ስትባል «ድሩ ነው ማጉ?» ብላ ትጠይቅ። ሐቀኛ ነጋዴ መልሱን ያውቃል።

ለማይሸጠው ደግሞ ቀላል ሥራ አለ። ልብሱን የፈተለችው ማን እንደ ሆነች፣ የሸመነው ማን እንደ ሆነ፣ ድሩ ከየት እንደ ተገዛ፣ ለየትኛው ሠርግ እንደ ተሠራ የሚያስታውሱ አረጋውያን በየቤቱ አሉ። በአንዲት ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ይህንኑ በእስክሪብቶ ጻፉና ከመጠቅለያው ውጭ በኩል በመርፌ አያይዙት። በልብሱ ላይ ግን አትስፉት፤ መርፌው የድሮውን ክር ይበጥሳል።